የግራ እጅ ጠባቂ

በ2071 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ደሴ ሆጤ የሚኖረው ልብስ ሰፊው ባምላክ እሸቴ ቁርሱን እየበላ ሳለ የገዛ እጁ በሬዲዮ ሲጠራ ሰማ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ዜና ቀጥሎ የዕለቱ ወላጅ አልባዎች፣ ማለትም ጠባቂ ያጡ ዕቃዎች፣ ይነበባሉ። ልማዱ ከተጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አንባቢዋ አትቸኩልም፤ ድምፅዋም ከፍና ዝቅ አይልም።

«የውሃ ማሞቂያ፣ ዓይነቱ ሰባት፤ ጠባቂው በሥራ ብዛት ለቅቋል። የአሳንሰር በር፣ ዓይነቱ ሃያ፤ ጠባቂዋ አርፋለች። የግራ እጅ፣ ከአንጓ በታች፣ ዓይነቱ አርባ አንድ፤ ጠባቂው አርፏል። ጠባቂ ያልተገኘላቸው ጥቅሎች በነሐሴ እትም ይወገዳሉ።»

የደሴ ሰው ይህን የሚሰማው ድሮ የሞት ማስታወቂያ ይሰማ እንደነበረው ነው። ጉርሻውን እጁ ላይ አቁሞ፣ የእኔ አይሁን እያለ።

«ስንት አለች?» አለች ሚስቱ ሄርሜላ።

«አርባ አንድ መሰለኝ።»

ሄርሜላ ተነሥታ የግራ እጅጌውን ሰበሰበችና አንጓው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበች። ከዚያ እጅጌውን መልሳ፣ በጥንቃቄ፣ ቁልፉንም ቆለፈችለት። ባምላክ ቁጥሩ አርባ አንድ መሆኑን ያወቀው ቁልፉን ስትቆልፍለት ነው።

እጁን ያጣው ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሃርቡ አጠገብ በተገለበጠ አውቶቡስ ነው። የአሁኑን እጅ ካሠራ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚሁ እጅ ጨርቅ ይይዛል፣ በቀኙ ይሰፋል። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ባምላክ ይህን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን እጁ በየማለዳው የሚንቀሳቀሰው አንድ የማያውቀው ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ ስለሚጠብቀው እንደሆነ አስቦት አያውቅም።

መወገድ ማለት ምን እንደሆነ ግን ቤቱ ውስጥ ያየዋል። አምና የውሃ ማሞቂያቸው ተወግዷል። አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም። አንድ ቀን ጠዋት አልበራም፤ በቃ። አሁን ጥግ ላይ ቆሞ ሄርሜላ የዳንቴል ጨርቅ አልብሳዋለች። የሕንጻው አሳንሰርም እንደዚሁ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌዎች ከምድር ቤት ነዋሪዎች ጋር በየሳምንቱ ቤት ይቀያየራሉ። ፒያሳ ያለው የትራፊክ መብራት ግን ይሠራል፤ የሚጠብቁት ወልድያ ያሉ አንድ ጡረተኛ መሪጌታ ናቸው ይባላል።

«ለመሆኑ ጥቅል ማለት ምንድን ነው?» አለ ባምላክ።

«እኔ የማውቀው ጎመኑን ነው» አለች ሄርሜላ። አልቀለደችም።

በማግሥቱ ቀበሌ ሄደ። መስኮት ቁጥር ስድስት ላይ የተቀመጠችው ወጣት ዓይኗን ከሚያበራው ሰሌዳዋ ሳትነቅል አዳመጠችው።

«ጠባቂ እንድንመድብልዎት ነው፣ ጋሼ? እኛ አንመድብም። በፈቃደኝነት ነው።»

«ፈቃደኛው ማን ነው?»

«የፈቀደ ሰው።»

«ማንም ካልፈቀደስ?»

«ይወገዳል።»

ባምላክ ወረፋውን ዞሮ አየ። ከኋላው ያሉት ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። «እኔ መሆን እችላለሁ?» አለ።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ይችላሉ» አለችና አንድ ቀጭን መጽሐፍ በመስኮቱ አሾለከችለት። ሽፋኑ ላይ «ለአዲስ ፈቃደኞች የመነሻ መመሪያ» ይላል።

መመሪያው እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «እንኳን ደህና መጡ። ከመጀመርዎ በፊት ምዕራፍ አራትን ያንብቡ።» ምዕራፍ አራት ደግሞ፦ «ይህን የሚያነብ ሰው ምዕራፍ ሁለትን ጨርሷል ብለን እንገምታለን» ይላል። ምዕራፍ ሁለት ባዶ ገጽ ነው። ከግርጌው «በመታደስ ላይ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ባምላክ ሦስት ቀን አነበበ። የገባው ነገር አንድ ነው፤ እሱም የጠበቀው አልነበረም። ጠባቂ እጅ አይሠራም። እጁን የሚያንቀሳቅሰውን ጽሑፍም አይጽፍም፤ ያንን ሌሎች ከዓመታት በፊት ጽፈውታል። የጠባቂ ሥራ የተጻፈውን መሰብሰብ፣ ማን እንደጻፈው፣ ምን ምን እንደሚፈልግ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ በላዩ ላይ መጻፍ፣ እንደ ጥቅል ማሰርና መላክ ነው። ይህን ሲረዳ ደስ አለው፤ ሌላ ሰው የቀደደውን ጨርቅ ተቀብሎ መስፋት ያውቅበታል። ደስታው አንድ ከሰዓት ቆየ።

በመጀመሪያ በሰሌዳው የላከው ጥቅል ውስጥ የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጠባቂ» በሚለው ቦታ «ናሆም ግርማቸው» የሚለውን አጥፍቶ የራሱን ስም ጻፈ። በሦስተኛው ሰከንድ ተመለሰለት። የሚመልሰው ፈታሽ የሚባል ነገር ነው፤ ሰው አይደለም፣ አይቆጣምም።

«ሃያ ሰባት ጥፋት ተገኝቷል። የአጭር መግለጫው መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አለ፤ አይፈቀድም። የረጅም መግለጫው መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የለም፤ ግዴታ ነው። ዋስ የለም…»

ባምላክ አንዱን ነጥብ ከላይ ነቅሎ ታች አስቀመጠ። ሌላም ሌላም አረመና መልሶ ላከ። ሠላሳ አንድ ጥፋት ተገኘ።

«የሚታረም ነገር እያነሰ መሄድ አልነበረበትም?» አለች ሄርሜላ ከትከሻው በላይ እያየች።

«እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።»

ሰኔ አለቀ። የፈቃደኞች ሁሉ መገናኛ በሆነው መዝገብ ላይ ጥያቄ ጻፈ፤ እንደ ወጉ ጤና ጠይቆ፣ ስለ ክረምቱ አንሥቶ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ሦስት መልስ መጣለት። የመጀመሪያው ሰላምታው መርዘሙን ነቀፈ። ሁለተኛው ጥያቄው ከስድስት ዓመት በፊት ስለተመለሰ ፈልጎ እንዲያነብ አዘዘው፤ የት እንደሆነ አልነገረውም። ሦስተኛው አጭር ነበር፦ «ሐይቅ ከተማ ነኝ። መታወቂያህን ይዘህ ና። ፊትህን ሳላይ ዋስ አልሆንም። ኤልዳና።»

ቅዳሜ ሄደ። ወይዘሮ ኤልዳና ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በጡረታ የወጡ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናቸው። ሐይቁን በሚያይ በረንዳ ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው፣ ሰሌዳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥቅሎች ይጠብቃሉ። ከነዚያ መካከል ቤታቸው ውስጥ ያለው ዕቃ አራት ብቻ እንደሆነ ኋላ ነገሩት።

መታወቂያውን አዩ፤ ፊቱን አዩ፤ ደግሞ መታወቂያውን።

«ጢም ጨምረሃል።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የእኛ ደንብ ይህች ብቻ ናት የማትቀየረው። ሰው መሆንህን ሰው ማየት አለበት።» ግራ እጁን ተቀብለው ገለበጡት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ። «አርባ አንድን በእጄ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው። ናሆም ብዙ ይጽፍልኝ ነበር ስለሱ።»

«ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«መልስ መስጠት አቆመ። ካቆመ በዘጠነኛው ወር አርፏል ብለን መዘገብን።»

ባምላክ የሰማውን መልሶ አሰበው። «ታዲያ… ሞቷል?»

«ወይም ደክሞታል።»

«የትኛው እንደሆነ አልተጣራም?»

«ለጥቅሉ ልዩነት የለውም» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና፤ ቀጥለውም ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። «ለእኔ ይኖረዋል። አድራሻው ግን ከኛ ዘንድ አልነበረም።»

ከዚያ ሠላሳ አንዱን ጥፋት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አነበቡ። ሳቅ አሉ።

«የመጀመሪያውን ብቻ አርም። የቀሩት ከሱ የተወለዱ ናቸው።»

«የቱ ነው?»

«መስመር አሥራ አራት። ከመስመሩ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።»

ባምላክ በቀኝ ጣቱ አንድ ጊዜ ነካ። ባዶ ቦታ ገባ። ሠላሳ አንዱ ጥፋት አንድ ሆነ፤ «ዋስ የለም» የሚለው። ወይዘሮ ኤልዳና አውራ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ።

«ፈታሹ ተቀብሏል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ምን ሠራሁ እኔ አሁን?»

«ባዶ ቦታ ጨመርክ» አሉ። «አብሽር፣ እኔም በሱ ነው የጀመርኩት።»

ሰኞ ጠዋት ሬዲዮው «የግራ እጅ አርባ አንድ፣ ጠባቂ አግኝቷል፤ ባምላክ እሸቴ፣ ደሴ» አለ። ጎረቤቶች ደረጃው ላይ እያስቆሙ እንደ ሙሽራ ጨበጡት፤ አንዳንዶቹ ግራውን። ሄርሜላ ከጎኑ ቆማ ፈገግ አለች። እሱም ነገሩ ያለቀ መሰለው። የራሱን እጅ ከሞት አድኗል፤ ክረምቱን ይሰፋል፤ መስከረምን ይቀበላል።

ረቡዕ ዕለት ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ።

አርባ አንድን የሚለብሱት ሰዎች አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ናቸው። ይህ ቁጥር መመሪያው ውስጥ የለም፤ ምናልባት ምዕራፍ ሁለት ላይ ነበር። ደብዳቤዎቹ ጤና አይጠይቁም። አንዱ ሲያዛጋ አውራ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ሌላው እጁ ቀስ እያለ የሚያጨበጭበው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ባምላክ ለሁሉም «ደብዳቤዎ ደርሶኛል» ብሎ መለሰ፤ ሌላ የሚለው አላወቀም።

ከድሬዳዋ የመጣውን ግን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ኢክራም ዩሱፍ እባላለሁ። ሙቀት ሲሆን እጄ የያዘውን አይለቅም። የልጅ ልጄን እጅ ይዤ አስፋልት ስሻገር መሐል ላይ ቆለፈ። ልጅቷ ጮኸች፤ እኔ መክፈት አልቻልኩም፤ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሰዎች ውሃ አፍስሰውበት በስንት ጊዜው ተከፈተ። የልጅቷ አንጓ አብጦ ሰነበተ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሁን በዚያ በኩል አትሄድልኝም። ለአቶ ናሆም አራት ጊዜ ጽፌ ነበር። አዲሱ እርስዎ ነዎት ይላሉ። ይሰማሉ?»

ባምላክ የጥቅሉን ሆድ ፈትቶ መፈለግ ጀመረ። አብዛኛውን አላወቀውም። በአምስተኛው ቀን ሄርሜላ ናት ያገኘችው፦ «የቁንጥጫ ጥንካሬ፦ 9» ይላል፤ ከጎኑም በናሆም እጅ «ይህን አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል። ምክንያት የለውም።

ወደ ሐይቅ ደወለ።

«ለምን አትንኩ እንዳለ ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«አላውቅም።»

«የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ናሆም ያውቅ ነበር።»

የብረት ካውያውን አሞቀና ግራ እጁን እንፋሎቱ ላይ ያዘ። በዘጠኝ፣ ጣቶቹ የያዙትን ጨርቅ ነክሰው ቀሩ፤ ቀኝ እጁም ሄርሜላም ሊያላቅቁት አልቻሉም። ወደ ሰባት ሲያወርደው ቆየት ብሎ ተከፈተ። ወደ ስድስት ሲያወርደው ወዲያው። ነገሩ ግልጽ መሰለው። ከዚያ በስድስቱ ሊሰፋ ተቀመጠ። ወፍራሙን ጨርቅ ይይዛል። ስሱ ግን፣ እሱ የሚታወቅበት የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ፣ ከሁለቱ ጣቶች መሐል ሾልኮ ጭኑ ላይ ወደቀ። አነሣው። ወደቀ።

ወደ ዘጠኝ መለሰውና ተቀመጠ።

ለሺህ አንድ መቶ ስድስቱም ጻፈ፤ ዘጠኝ ይሻላል ወይስ ስድስት ብሎ። ዘጠኝ ሰዎች መለሱለት። አራቱ ስድስት አሉ፤ ሦስቱ ዘጠኝ። አንዱ «አንተ ማን ነህ?» ይላል። የመጨረሻው ስለ ቀኝ እጅ የተጻፈ ነበር።

እንደገና ደወለ።

«የኔን ብቻ ዘጠኝ ላይ ትቼ የሌላውን ማውረድ አይቻልም?»

«ይቻላል» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «ማንም አያይህም።»

ባምላክ ጣቱን ዘጠኙ ላይ አሳረፈ።

«ታዲያ?» አለ።

«ታዲያማ፣ ነገ አንዱ ላላብኝ ብሎ ሲጽፍልህ ስለ ምን እንደሚያወራ አታውቅም። የናሆምም ችግር ያ ይመስለኛል። ሁለቱም እጆቹ የራሱ ነበሩ።»

ባምላክ ስልኩን ከጆሮው አራቀና አየው፤ መልሶ አስጠጋው። «እጅ ካለው ለምን ይጠብቀው ነበር?»

«ጠይቄው አላውቅም» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን እንደሚጠይቁ ሆነው «መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሄርሜላ ልብስ እያጠፈች ጠበቀችው።

«እጄን ላድን ብለህ ገባህ» አለች፣ «አሁን እጅህን ልታጣው ነው። ሴትዮዋን ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

«ዘመድህ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ?»

ባምላክ መልስ ፈለገ። መመሪያው ውስጥ የለም፤ ናሆም የተወው ጽሑፍ ውስጥም አላየውም። ራሱ ውስጥም ቢፈልግ ያገኘው ያልተስተካከለ ነገር ነው፤ ፍርሃትም አለበት፣ እልህም አለበት፣ የደንበኞቹ ፊትም አለበት። «ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው» አለ፤ የጠየቀችው ይህን እንዳልሆነ እያወቀ።

ሄርሜላ ያጠፈችውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «መንገድ መሐል ቆለፈ ነው ያለችው?» አለች።

«መሐል።»

ሸሚዙን ከታጠፉት ልብሶች ላይ አስቀመጠች።

ዘጠኙን አጥፍቶ ስድስት ጻፈ። «ይህን አትንኩ» የሚለውንም አጥፍቶ በምትኩ ለምን እንደነካው ጻፈ፤ የእንፋሎቱን ሙከራ፣ የድሬዳዋውን አስፋልት፣ ስስ ጨርቅ እንደሚያሾልክም ሳይደብቅ። ፈታሹ ሁለት ጥፋት አገኘበት፤ አረማቸውና ላከ። የራሱን እጅ ለይቶ አልተወም። እስኪልከው ድረስ ይተወው አይተወው አላወቀም ነበር፤ ከላከው በኋላም ጥሩ እንዳደረገ እርግጠኛ አልሆነም።

ነሐሴ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጥቅሎቹን ሁሉ የሚያድሰው እትም ወጣ። ባምላክ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን ያይ ነበር። እጁ በዝግታ ተጨበጠ፣ ተዘረጋ፣ ጸጥ አለ። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ በዚያች ቅጽበት ሌሎች አንድ ሺህ አንድ መቶ አምስት እጆችም፣ በተኙ ሰዎች ደረት ላይ፣ በኩሽና፣ በአውቶቡስ መያዣ ላይ፣ ተጨብጠው ተዘርግተዋል።

ሱቁን ከፍቶ ሥራ ጀመረ። የቀሚሱ ጠርዝ ሦስት ጊዜ ሾለከበት። በአራተኛው ሄርሜላ ከገመድ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አምጥታ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጋር ቆነጠጠችለት፤ ዘገየ፣ ግን ሄደ። ሁለት ሙሽሮች ይቸኩሉ ስለነበር ሥራቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ። ባምላክ ተነሥቶ በሩ ድረስ ሸኛቸው።

ደብዳቤ መጠበቅ ያዘ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልመጣም። በሁለተኛውም። በአምስተኛው ቀን ድንጋጤ ገባው። በየቀኑ አሥር አሥራ አምስት ይጽፉ የነበሩ ሰዎች በአንዴ ዝም ሲሉ ምን ማለት ነው? ምናልባት ሁሉንም እጅ ሰብሮታል፤ ምናልባት መጻፊያ ጣት የቀረው ሰው የለም። ኢክራም እንኳ አልጻፈችም። የቁንጥጫውን መስመር ከፍቶ አየው፤ ስድስት ይላል። ዘጋው። ከፈተው። ስድስት ይላል።

በስድስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቅ ደወለ።

«ማንም አልጻፈም፣ እትዬ።»

«ማንም?»

«አንድም ሰው። ኢክራምም አልጻፈችም።»

«ጎሽ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «ሠርቷል ማለት ነው።»

«ሲሠራ አይጽፉም?»

«ሲሠራማ እጅ እንዳላቸውም ይረሱታል። ምን ብለው ይጽፋሉ?»

ባምላክ ደስ ይበለው ይክፋው አላወቀም። አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥልን አለማለቱ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት፤ ደግሞም አንዲት ልጅ ድሬዳዋ ላይ፣ ሳትፈራ፣ በየትኛው በኩል እንደምትሄድ ሳታስተውል ስትሻገር ታየችው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ አልገጠሙለትም፤ እሱም ሊያገጣጥማቸው አልታገለም። በስልኩ ውስጥ ወይዘሮ ኤልዳና የሆነ ነገር ሲገልጡ ይሰማዋል።

«በጠዋቱ አልሰማህም መሰለኝ» አሉ። «ሌላ ወላጅ አልባ አለ። የጉልበት ነው፤ የቀኝ።»

«እኔ ጉልበቴ ደህና ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ሄርሜላ ከማዶ ሆና መቆንጠጫውን በጣቷ ከፈት ዘጋ እያደረገች ታየዋለች። ባምላክ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ስንት ሰው ይሄድበታል?» አለ።